ሁሉን በአነስተኛ ጉልበት የምታመርት አገር ለምን ከሌላ ትገዛለች?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ነኝ። ስለ ንጽጽራዊ ብልጫ ስንማር፣ በሁሉም ምርት የምትበልጥ አገር እንኳ ከደካማዋ ጋር በመነገድ እንደምትጠቀም ተነግሮናል። ራሷ በአነስተኛ ጉልበት ልታመርተው የምትችለውን ዕቃ ከሌላ መግዛቷ እንዴት ትርፍ ይሆንላታል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ነገሩ ግራ የሚያጋባው የአንዷን አገር ጉልበት ከሌላዋ ጉልበት ጋር ስለምናወዳድር ነው። ወሳኙ ግን በዚያችው አገር ውስጥ አንዱን ዕቃ ለማምረት ሲባል ከሌላው ምን ያህል እንደሚቀር ነው፤ ከሌላዋ አገር ይልቅ ጥቂት የሚቀርባት አገር በዚያ ዕቃ ንጽጽራዊ ብልጫ አላት ይባላል።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ያቀረበው ምሳሌ ይህን በግልጽ ያሳያል። እንግሊዝ የተወሰነ መጠን ጨርቅ ለማምረት የ100 ሰዎች፣ የተወሰነ መጠን ወይን ጠጅ ለማምረት ደግሞ የ120 ሰዎች የአንድ ዓመት ሥራ ያስፈልጋታል፤ ፖርቱጋል ግን ጨርቁን በ90፣ ወይን ጠጁን በ80 ሰዎች ታመርታለች። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። ሆኖም አንዱ መጠን ጨርቅ በአንዱ መጠን ወይን ጠጅ የሚለወጥ ከሆነ፣ ጨርቁን ራሷ በ90 ሰዎች ከምታመርት ይልቅ በ80 ሰዎች ወይን ጠጅ አምርታ ከእንግሊዝ ጨርቅ ጋር ብትለውጠው የ10 ሰዎች ጉልበት ይተርፋታል። እንግሊዝም 120 ሰዎች የሚጠይቃትን ወይን ጠጅ 100 ሰዎች ባመረቱት ጨርቅ ታገኘዋለች። በአጠቃላይ ሁለቱ አገሮች ለብቻቸው ሲያመርቱ 390 ሰዎች የሚጠይቀው ምርት ሥራውን ሲከፋፈሉ በ360 ሰዎች ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የቀረቡ እንጂ የታሪክ መዝገብ አይደሉም። የሁለቱን አገሮች እውነተኛ ንግድ በእጅጉ የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1703 የተፈረመው የሜቱዌን ውል ነበር፤ በውሉ መሠረት ፖርቱጋል የእንግሊዝን የሱፍ ጨርቅ ስታስገባ፣ እንግሊዝ ደግሞ በፖርቱጋል ወይን ጠጅ ላይ የምትጥለው ቀረጥ በፈረንሳይ ወይን ጠጅ ላይ ከምትጥለው በአንድ ሦስተኛ ያነሰ እንዲሆን ተስማማች። ከዚህም ሌላ ሪካርዶ ካፒታል (ለምርት የሚውል ሀብት) ከአገር ወደ አገር በቀላሉ እንደማይዘዋወር አስቦ ነው የተነሣው። ስሌቱም የተረፉት 10 ሰዎች ወዲያው ሌላ ሥራ እንደሚያገኙ ይገምታል፤ ዕድሜውን በሽመና ያሳለፈ ሰው ግን በማግስቱ ወይን ጠማቂ አይሆንም። ንግድ አገርን በጥቅሉ ይጠቅማል ማለት እያንዳንዱን ዜጋ ይጠቅማል ማለት እንዳልሆነ አጥብቀን ልንናገር እንወዳለን።

ብልጫው ለዘለዓለም የተወሰነ አለመሆኑንም ራስዎ በስሌት ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ፖርቱጋል የሽመና ሙያዋን አሻሽላ ጨርቁን በ60 ሰዎች ማምረት ቻለች እንበል። ያን ጊዜ አንድ መጠን ወይን ጠጅ ለማምረት አንድ ከሲሶ መጠን ያህል ጨርቅ (80 ለ60 ሲካፈል) ይቀርባታል፤ እንግሊዝን ግን የሚያስቀርባት 1.2 መጠን (120 ለ100 ሲካፈል) ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ምርቶች ደካማ ሆና የቀጠለችው እንግሊዝ ወይን ጠጅ ሻጭ፣ ፖርቱጋል ደግሞ ጨርቅ ሻጭ ይሆናሉ።