ህንድ ውስጥ ተወዳጅ የነበሩ መኪኖች ለምን ገዢ ያጣሉ? (ለተነሳው ጥያቄ መልስ)

የተጠየቀው፣ ህንድ ውስጥ በአንድ ወቅት መንገዱን የሞሉት እነ ኢንዲካና ደስተር የት ገቡ፣ ጥራታቸው ወርዶ ነው ወይ የሚል ነው። የጥራት ድርሻ ከሚወራው ያነሰ ነው። የህንድ ገዢ መኪና የሚመርጠው እስክሪብቶ ይዞ ነው፤ ታክሱን፣ ነዳጁን፣ መልሶ ሲሸጠው የሚያገኘውን ይደምራል። መኪናው ያው ሆኖ ከነዚህ አንዱ ሲቀየር ሞዴሉ ይወድቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ማስረጃ ናፍጣ ነው። እስከ 2014 መገባደጃ የናፍጣን ዋጋ ዝቅ አድርጎ የያዘው መንግሥት ነበር፤ በ2012 ዴልሂ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ20 ሩፒ በላይ ይበልጠው ነበር። ስለዚህ ናፍጣ የሚጠቀም ትንሽ መኪና እንደ ጉድ ተሸጠ። የፊያት 1.3 መልቲጄት የተባለው የናፍጣ ሞተር (1248 ሲሲ) በህንዶቹ መኪና አምራቾች በማሩቲም በታታም መኪኖች ላይ ከመገጠሙ ብዛት የአገሪቱ ብሔራዊ ሞተር እስከመባል ደርሶ ነበር። ከዚያ ድጎማው ተነሳ፣ ልዩነቱ ወደ 7 ሩፒ ገደማ ወረደ። በኤፕሪል 2020 ደግሞ ህንድ «ቢኤስ» በሚባለው የመኪና ጭስ መስፈርቷ ከቢኤስ4 በቀጥታ ወደ ቢኤስ6 ዘለለች። ለናፍጣ መኪና የሚፈቀደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በኪሎ ሜትር ከ250 ወደ 80 ሚሊግራም፣ ጥቀርሻው ከ25 ወደ 4.5 ሚሊግራም ዝቅ አለ። ይህን ለማሟላት የጭስ መውጫው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያና ሌላም ማጽጃ መግጠም ግድ ነው፤ ወጪው ደግሞ ለትንሽ መኪና የሚቻል አይደለም። ማሩቲ ናፍጣን ጨርሶ ተወው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ቤንዚን 95 ሩፒ ሆኖ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣ 88 ሩፒ ሆኖ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ይሂድ እንበል። በኪሎ ሜትር 6.3 እና 4.4 ሩፒ ይመጣል፤ ትርፉ 1.9 ነው። የናፍጣው መኪና ሲገዛ በ150,000 ሩፒ ከበለጠ፣ ልዩነቱ የሚመለሰው ወደ 78,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው። በዓመት 10,000 ለሚነዳ የቤት መኪና 8 ዓመት ሊሞላ ነው። ዴልሂና አካባቢዋ ላይ ደግሞ 10 ዓመት የሞላው የናፍጣ መኪና (ቤንዚን 15) እንዳይነዳ የሚከለክል ትእዛዝ ወጥቷል፤ አፈጻጸሙ አንዴ ቢጠብቅ አንዴ ቢላላም ገዢውን ለማስፈራት በቂ ነው።

ማጣሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። የተጠራቀመው ጥቀርሻ ተቃጥሎ የሚጸዳው የጭሱ ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ከቤት ትምህርት ቤት የሚመላለስ መኪና እዚያ አይደርስም፤ ማጣሪያው ይደፈናል፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። መብራቱ እንደበራ አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ የሞተሩን ዙር ከ2,000 በላይ ይዞ 20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መንዳት ብዙ ጊዜ ያጸዳዋል። ማጽዳቱ ሳያልቅ ሞተር እየጠፋ ከተደጋገመ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል። መለኪያውን ስታወጡ ዘይቱ ጨምሮ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ፤ ቀጥኗልና ወዲያው ይቀየር።

የሬኖ ደስተር ውድቀት የዚህ ታሪክ ግማሽ ነው። በ2012 ሲመጣ ከመሬት 205 ሚሊሜትር ከፍታና 1461 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ይዞ ስለነበር ለተቦረቦረ መንገድ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሌላው ግማሽ የኩባንያው ስንፍና ነው። ሀዩንዳይ ክሬታ በ2015 ከነአውቶማቲክ ካምቢዮው ገበያ ሲገባ፣ ደስተር ያለ ማርሽ መንዳት የሚያስችል ሞዴል ያገኘው በ2016 ነው። የጎን መስታወት ማስተካከያው እጅ ፍሬኑ ሥር ተደብቆ እንደነበርም አይረሳም። ሌላው ዓለም ሁለተኛውን ትውልድ ሲያገኝ ህንድ አሮጌውን እያሰማመረች ቀጠለች። በ2020 ናፍጣው ቀረ፣ በ2022 ምርቱ ቆመ።

ሌላው ገዳይ ቢጫ ታርጋ፣ ማለትም የህንድ ታክሲ ታርጋ ነው። ርካሽ፣ ሰፊ፣ መንደር መካኒክ የሚጠግነው የናፍጣ መኪና መጀመሪያ የሚወደው ባለታክሲ ነው። ታታ ኢንዲካና ቶዮታ ኤቲዮስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ታክሲ ሲበዛ የቤት ገዢው ሸሸ፣ ከታክሲ ሥራ ወጥተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው በማጭበርበር ወደኋላ የተመለሰ መኪኖች ያገለገሉትን ገበያ ሲያጥለቀልቁ ታክሲ ያልነበረውም መኪና ዋጋ አብሮ ወረደ። ማሩቲ ይህን ያመለጠው በብልሃት ነው፦ በ2017 ዲዛየር የተባለችውን ትንሽ የሳሎን መኪናውን በአዲስ ቅርጽ ሲያወጣ አሮጌውን ቅርጽ «ቱር» ብሎ ለታክሲ ለየው። ቶዮታ ኢኖቫ ደግሞ ታክሲም ሆኖ አልወረደም፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ባለሥልጣንም ስለሚሄድበት ይመስለኛል።

ታክሱም ቅርጽ ይመርጣል። ከ2006 ጀምሮ ከ4 ሜትር ያነሰና ሞተሩ በቤንዚን 1,200፣ በናፍጣ 1,500 ሲሲ ያላለፈ መኪና ዝቅ ያለ ታክስ ይከፍላል። ኩባንያዎች መጀመሪያ የሳሎን መኪናን ኋላ ቆርጠው አሳጠሩ፤ ቀጥሎ በዚያው ርዝመት ከፍ ያለ መኪና መሥራት ሲችሉ ገዢው ወደዚያ ጎረፈ። በ2024 አንደኛ የተሸጠው ታታ ፓንች የዚህ ልጅ ነው።

የደህንነት ኮከብ ብዙዎች እንደሚሉት ያን ያህል ሞዴል አልገደለም። በ2014 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደህንነት ፈታሽ ድርጅት ባደረገው የግጭት ሙከራ የማሩቲ አልቶ 800 ዜሮ ኮከብ አግኝቶ ለዓመታት መሸጡን ቀጥሏል። የጠቀመው በ2018 አምስት ኮከብ ላገኘው ታታ ኔክሰን ነው። ታታ ናኖን የጣለው ሌላ ነው፤ «የዓለም ርካሽ መኪና» ተብሎ ተዋወቀ፣ ሞተር ሳይክል የነበረው ሰው ግን ጎረቤት የሚያይለትን መኪና ነበር የፈለገው። የኋላ በሩ እንኳ ከውጭ መከፈት የጀመረው በ2015 ነው።

አሮጌ ሞዴል ለመግዛት የምታስቡ፣ ሞዴሉ መቆሙን ሳይሆን ሞተሩን ማን ሌላ እንደተጠቀመበት ጠይቁ። የደስተር ሞተር ኒሳንም ላይ ስላለ ፓምፑ፣ ቺንጊያው፣ ፍሪሲዮኑ ይገኛል። ቀድሞ የሚጠፋው የቦዲ ዕቃ ነው፦ የፊት መብራት፣ ፓራውልት፣ የበር መስታወት፣ ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች። ሸቭሮሌ በ2017፣ ፎርድ በ2021 ከህንድ ገበያ መውጣታቸውን ሲያሳውቁ ባለመኪናው ያሰበው መጀመሪያ ይህንን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በራይድ ለሚሠሩት የህንድ ዲዛየሮች ለጊዜው ስጋቱ የለም፤ ሞዴሉ እዚያ አሁንም በብዛት ይመረታል። ብቻ መብራትና ፓራውልት ስታዝዙ የቅርጹን ዓመት አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ከ2017 በፊትና በኋላ ያሉት አይገጣጠሙም።