ጫፍና ማዕዘን ያለው ፈርጥ እንዴት ይታቀፋል? ጥያቄና መልስ

ስለ ብር ጌጥ ሥራ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ጥያቄዎች የሚበዙት የፈርጥ ማቀፊያን ይመለከታሉ፤ ይኸውም ድንጋዩን ዙሪያውን ከብቦ አፉን ወደ ውስጥ በማጠፍ የሚይዘው ቀጭን የብር ጥብጣብ ነው። ክብ ድንጋይ ብዙ ሰው አያስቸግርም። ድንጋዩ ጫፍ ወይም ማዕዘን ሲኖረው ግን ችግሩ ስለሚበረታ የዛሬው መልስ በአመዛኙ ለእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ላለው ድንጋይ የጥብጣቡን ርዝመት በምን ሒሳብ ላግኘው? ደግሞ ጫፉ ላይ ስበይደው ድንጋዩን በማጠብቅበት ጊዜ ብየዳው ይሰነጠቅብኛል። (ከቡሬ)

መልስ፦ ለክብ ድንጋይ ወርዱንና የጥብጣቡን ውፍረት ደምሮ በ3.14 ማባዛት ይበቃል፤ 10 ሚሊ ሜትር ወርድ ላለው ድንጋይ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥብጣብ ቢጠቀሙ ርዝመቱ 32.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለእንባ ቅርጽ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ይልቁንስ ቀጭን ወረቀት በድንጋዩ ወገብ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጠምጥሙና ሁለቱ ጫፎች በተደራረቡበት ቦታ በመርፌ ይውጉት። ወረቀቱ ሲዘረጋ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት የዙሪያው ልክ ነው። ብሩ የራሱ ውፍረት ስላለው ለ0.3 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምሩበት። ትርፉን በሞረድ ማውረድ ይቻላል፤ በጥቂቱ ያጠረውንም ቀስ አድርጎ በመቀጥቀጥ ማስረዘም ይቻላል፤ ብዙ ያጠረውን ግን እንደገና መቁረጥ ይሻላል።

የሚሰነጠቅበት ምክንያት የመጋጠሚያው ቦታ ይመስለኛል። የመበየጃው ብር ከንጹሕ ብር ይልቅ ደረቅ ነው፤ የእንባው ጫፍ ደግሞ ብረቱ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጥ የሚታጠፍበትና የሚጨናነቅበት ነው። ስለዚህ ደረቁን ነገር መታጠፍ ግድ በሆነበት ቦታ ላይ አስቀምጠዋል ማለት ነው። ጫፉን በጥብጣቡ መካከል በጠፍጣፋ ጉጠት አጥፈው ያውጡትና መጋጠሚያውን ወደ ረጅሙ ጎን ያምጡት። ጫፉ ላይ መበየድን የሚመርጡ ባለሙያዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሹልነቱ ይበልጥ ይጠራልና ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም፤ እኔ ግን ከሹልነቱ ይልቅ ጥንካሬውን እመርጣለሁ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ከፍታ ነው። የእንባ ቅርጽ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ወደ ጫፉ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ማቀፊያው ዙሪያውን እኩል ከፍ ካለ ጫፉ ላይ ያለው ትርፍ ብር ድንጋዩን ይሸፍነዋል፤ ያንን ከማጥበቅዎ በፊት በሞረድ ዝቅ ያድርጉት። ሲያጠብቁም ከጫፉ ይጀምሩ። ጎኖቹን ካስቀደሙ ትርፉ ብር ሁሉ ተገፍቶ ጫፉ ላይ ይከማችና ይጨማደዳል፤ ያን ጊዜ የትም የሚሄድበት ቦታ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩትን ጠገራ ብር አቅልጬ የአንገት መስቀል ልሠራና መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ድንጋይ ላስገባበት አስቤያለሁ። ማቀፊያውንም ከዚያው ብር ባደርገው ምን አለበት? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መስቀሉ ከእርሱ ቢሆን መልካም ነው፤ ማቀፊያው ግን ባይሆን ይሻላል። ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ ለመስቀሉ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ማቀፊያውን ግን ያደርቀውና ድንጋዩ ላይ አልታጠፍም ያሰኘዋል፤ በኃይል ሲገፉትም የሚሰበረው ድንጋዩ ነው። ለማቀፊያ 999 የሆነ ንጹሕ ብር ይፈልጉ።

ከዚህ የሚከተለው የእሳቱ ጉዳይ ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሆን የጠገራው ቅይጥ ግን መቅለጥ የሚጀምረው ከ779 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠንካራ የሚባለው፣ ማለትም ለመፍሰስ ከፍ ያለ ሙቀት የሚሻው የመበየጃ ብር የሚፈስበት ሙቀትም እዚያው አጠገብ ስለሆነ፣ መስቀሉ ላይ ቢጠቀሙበት ብየዳው ሲፈስ የመስቀሉ ጠርዝም አብሮ ሊፈስ ይችላል። በመሆኑም የማቀፊያውን መጋጠሚያ ለብቻው በጠንካራው ይበይዱና ከመስቀሉ ጋር የሚያያይዙትን በቶሎ በሚቀልጠው የመበየጃ ብር ያድርጉት። እሳቱንም ከታች በመስቀሉ በኩል ይስጡ፤ ቀጭኑ ማቀፊያ በሰከንዶች ስለሚግል በቀጥታ ከመቱት ከወፍራሙ ብር ቀድሞ ይጠፋል።

ለማዕዘኖቹ፣ ጥብጣቡ ወፍራም ከሆነ በሚታጠፍበት ቦታ በውስጥ በኩል በሦስት ማዕዘን ሞረድ ውፍረቱን ከግማሽ በላይ ቦርቡረው ያጥፉትና ቡርቡሩን በብየዳ ይሙሉት። ከማጥበቅዎ በፊት በአራቱም ማዕዘኖች አናት ላይ በቀጭን መጋዝ እስከ ድንጋዩ ትከሻ ድረስ ቢሰነጥቁት፣ ጎኖቹ ሲታጠፉ ጠርዞቻቸው ተገናኝተው ያርፋሉ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠገራው የአያትዎ መታሰቢያ ከሆነ እኔ ብሆን አላቀልጠውም ነበር፤ ብር ሌላም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከብየዳ በኋላ ለማጽዳት አሲድ ውስጥ ከትቼ ያወጣሁት ብር ሁሉ ሮዝ መልክ እያመጣ አስቸገረኝ። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ከብረት በተሠራ መቆንጠጫ እየነካኩት ነው። ብረት ሲገባበት በአሲዱ ውስጥ የሟሟው መዳብ በብሩ ላይ ይለበጣል። የቀርከሃ አገር ሰው ነዎትና ከቀርከሃ መቆንጠጫ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ለአንዲት ደንበኛዬ ከወሎ ኦፓል የአንገት ጌጥ ሠራሁላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድንጋዩ ኅብረ ቀለሙን አጥቶ እንደ መስታወት ሆነ ብላ መለሰችልኝ። ተታልዬ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ምናልባት አልተታለሉም። በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የሚወጣውና ከ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ በዓለም ገበያ የታወቀው ኦፓል፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃ ይጠጣል። ውኃ ሲጠጣ ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ደግሞ መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ጥላ ባለበት ቦታ አስቀምጠው በራሱ ጊዜ ይድረቅ፤ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ለማፋጠን ብለው እሳት ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ካደረጉት ግን ይሰነጠቃል።

ከውኃ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቅባት ነው፤ ውኃ ይተናል፣ ቅባት ግን እዚያው ይቀርና ድንጋዩን ሊያደበዝዘው ወይም ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። ደንበኛዎ ፀጉሯን ቅቤ በምትቀባበት ቀን ጌጡን ታውልቅ፤ በቀለበት መልክ ቢሠራም ሊጥ ስታቦካና ልብስ ስታጥብ እንዲሁ። በእርስዎ በኩል ደግሞ የማቀፊያውን ጀርባ በብር ሉህ ይዝጉት። ብዙ ሰዎች ብርሃን እንዲያልፍ ክፍት መተውን ይወዳሉ፤ ነገር ግን አንገት ላይ የሚያርፍ ኦፓል ላብና ቅባት የሚያገኘው በጀርባው ነው። ብየዳውን፣ የአሲድ ማጽዳቱንና ውልወላውን በሙሉ ድንጋዩ ከመግባቱ በፊት ይጨርሱ። ልኩን ሲሞክሩ ከድንጋዩ ሥር ክር ያሳልፉ፤ ክሩን ሳብ ሲያደርጉት ድንጋዩ ይወጣል፤ ያለበለዚያ በመርፌ እየቆፈሩ ጠርዙን ይሸርፉታል።

ጥያቄ፦ የመበየጃ ብር ስላጣሁ ማቀፊያውን በስታኞ አጣበቅሁት፤ አሁን በብር ልበይደው ስል ብሩ ተበላሸ። (ከዳንግላ)

መልስ፦ በስታኞው ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ወይም እርሳስ ብር በሚበየድበት ሙቀት ወደ ብሩ ይሰርግና ይበሳዋል። የተበሳውን ክፍል ቆርጠው ያስወግዱ። በቀረው ላይ ያለውን ስታኞ አንድም ነጥብ ሳይቀር በሞረድ ያንሡ፤ እስከዚያ ድረስ እሳት አያስነኩት። ሞረዱንም ለንጹሕ ብር ከሚጠቀሙበት ለይተው ያስቀምጡ።