ለ1000 ያርድ ስኮፕ ስትገዛ ከማጉያው በፊት ክሊኩን እይ

ሰላም ወንድሜ፣ አዲሱን ጠመንጃ የደስታ ያድርግልህ።

ጥያቄህን ላላየው ሰው ባጭሩ ልድገመው። ያለኸው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ገዝተሃል። እስከ 1000 ያርድ የብረት ኢላማ መምታት መለማመድ ትፈልጋለህ። ለስኮፕ 1200 ዶላር መድበሃል። ሱቅ ውስጥ 5-25፣ 6-24 እና 8-32 የሚሉ ስኮፖች (ቁጥሮቹ ከስንት እስከ ስንት እጥፍ እንደሚያጎሉ ነው የሚናገሩት) አይተህ «ሩቅ ስለምተኩስ ትልቁን ልውሰድ ወይ?» ብለሃል። አሮጌውን 3-9 ስኮፕህን ደግሞ አገር ቤት ላለው አጎትህ ይዘህለት ልትሄድ አስበሃል።

እስካሁን የተሰጠህ መልስ አብዛኛው «ባለ 32ቱን ውሰድ» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ገንዘብህን በማጉያ ላይ አታጥፋ። ማዞሪያውን ስታዞረው ያልከውን ያህል የሚሄድ፣ ስትመልሰው ደግሞ እቦታው የሚመለስ ስኮፕ ግዛ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ለምን? በቁጥር እንየው። 140 ግሬን ገደማ የሚመዝን ጥይት በ100 ያርድ ዜሮ አድርገህ (ያነጣጠርክበት ላይ እንዲያርፍ አስተካክለህ ማለት ነው) 1000 ያርድ ላይ ብትተኩሰው፣ እዚያ እስኪደርስ 7 ሜትር ያህል ይወርዳል። 7 የምልህ እዚህ ኮሎራዶ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ብትሆን ወደ 8 ሜትር ይጠጋ ነበር። ይህን ሁሉ የምታካክሰው ስኮፑ አናት ላይ ያለውን ማዞሪያ በማዞር ነው። በሚል (የርቀቱ አንድ ሺህኛ በሆነው የማዕዘን መለኪያ) ሲቆጠር 8 ሚል አካባቢ ይሆናል። አንዱ ክሊክ (ማዞሪያው ቀጭ የሚልበት እርከን) 0.1 ሚል ስለሆነ 80 ክሊክ ታዞራለህ ማለት ነው። እያንዳንዱ ክሊክ 1000 ያርድ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል።

አሁን ስኮፑ ከመቶ 3 ብቻ ይዋሽ እንበል። ከ80 ክሊክ ሁለት ተኩል ያህሉ ጠፋ። 22 ሳንቲ ሜትር ሳትክ ማለት ነው። ብረቱ ግማሽ ሜትር ስፋት ካለው፣ ልክ መሃሉን አነጣጥረህ፣ ቃታውን በሥርዓት ስበህ፣ ጠርዙን ጫር አድርገህ ታልፋለህ። ትንሽ ንፋስ ከተጨመረበት ጭራሽ አታገኘውም። 32 እጥፍ አጉልተህ ብታየው ይህን አያስተካክልልህም። ያመለጠህን ኢላማ በደንብ ታየዋለህ እንጂ።

ክፋቱ ደግሞ 100 ያርድ ላይ ይህ ጉድለት አይታወቅም። እዚያ ማዞሪያውን አትነካውማ። ሱቅ ውስጥም አይታወቅም። ሱቅ ውስጥ የምታየው የመስታወቱን ጥራትና የማጉያውን ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ተኩስ ሜዳ ላይ አጠገቤ ተኝቶ ሲተኩስ ያየሁት ሰው አለ። ጥሩ ጠመንጃ፣ ጥሩ ጥይት፣ ሲያዩት የሚያስቀና ትልቅ ስኮፕ ነበረው። 600 ያርድ ላይ አንዴ ይመታል፣ አንዴ ይስታል። መጀመሪያ ንፋሱን ወቀሰ፣ ቀጥሎ ጥይቱን፣ መጨረሻ ላይ ራሱን። እስቲ ወደ ዜሮ መልሰውና 100 ያርድ ላይ ወረቀት ተኩስ አልኩት። ሦስቱ ጥይቶች አንድ ላይ ተጠጋግተው ገቡ፤ ግን ጠዋት ከመታበት ቦታ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራና ወደ ላይ ሸሽተው። ማዞሪያውን እኔም ሞከርኩት። ክሊኩ ለጣት አይለይም፤ አንዱ የት እንዳበቃ፣ ሌላው የት እንደጀመረ አታውቅም። ሰውየው እንከን አልነበረበትም። ዕቃው ነው ያሳሳተው። አንድ ሙሉ ወቅት ጥይት የጨረሰው የራሱን አተኳኮስ ሲያርም ነበር። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጀማሪ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ስለዚህ የትኛውንም ብትገዛ ቤት እንደደረሰ ፈትነው። ብዙ ጥይት አይፈጅም። ትልቅ ካርቶን ውሰድ። በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር ከታች ወደ ላይ አስምርበት። ከታች የማነጣጠሪያ ነጥብ አድርግ፤ ከነጥቡ 36 ኢንች ወደ ላይ ደግሞ ሌላ ምልክት። ልክ 100 ያርድ ላይ አቁመው። ርቀቱን በመለኪያ ገመድ ለካው፣ የሜዳውን ምልክት አትመን። አንድ ሚል በ100 ያርድ 3.6 ኢንች ስለሆነ 10 ሚል ልክ 36 ኢንች ነው። ዜሮ ላይ ሦስት ተኩስ። 10 ሚል አዙርና ያንኑ የታችኛውን ነጥብ አነጣጥረህ ሦስት ተኩስ። ላይኛው ምልክት ጋ ካረፈ ስኮፕህ እውነተኛ ነው። መስመሩን ተከትሎ ካልወጣና ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ወይ ስኮፑ ጠሞ ታስሯል፣ ወይ ውስጡ ጠማማ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ዜሮ መልሰህ እንደገና ሦስት ተኩስ። ከመጀመሪያዎቹ ጋር ካልተቀላቀሉ ዋስትናው ሳያልፍ መልሰው።

ወደ ማጉያው እንመለስ። የአሜሪካ ማሪን አልሞ ተኳሾች ለብዙ ዓመታት የሠሩት ባለ 10 እጥፍ ብቻ በሆነ ስኮፕ ነው። እሱ 1000 ያርድ ላይ ሰው ያክል ኢላማ ለማየት በቂ ነበር። አንተ ወረቀት ላይ ነጥብ የምትፈልግ ስላልሆንክ ከ12 እስከ 18 ባለው ውስጥ ነው አብዛኛውን ጊዜ የምትተኩሰው። በጋ ላይ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ ሜዳው ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል። 25 ላይ አድርገህ ስታይ ብረቱ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ወደ 15 ስታወርደው ይረጋጋል። 32 ገዝተህ 15 ላይ ልትጠቀምበት ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። የፊት መስታወቱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስኮፕ በ10 እጥፍ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብርሃን ለዓይንህ ይሰጣል፤ በ25 ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ። ምስሉ ይጨልማል፤ ጭንቅላትህ ትንሽ ሲነቃነቅም ይጠፋብሃል። ከሁሉ በላይ ግን ማጉያው በጨመረ ቁጥር የምታየው ሜዳ ይጠባል። ተኩሰህ ጠመንጃው ሲረግጥህ ኢላማው ከእይታ ይወጣል። ጥይትህ አቧራ ያስነሳው በቀኝ ይሁን በግራ ካላየህ ቀጣዩን በምን ታርማለህ? ሩቅ መተኮስን የምትማረው እኮ ያቺን አቧራ በማየት ነው።

ሚል ወይስ ኤምኦኤ (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ለሚለው ብዙ አትጨነቅ። የኤምኦኤው ሩብ ክሊክ 1000 ያርድ ላይ 2.6 ኢንች ነው፤ የሚሉ 3.6። ልዩነቱ አንተን ከመምታት አያግድህም። አብረውህ የሚተኩሱት በምን እንደሚነጋገሩ ጠይቅና የእነሱን ያዝ። ዛሬ ውድድር ቦታ የምትሰማው አብዛኛው ሚል ነው። ዋናው ማዞሪያውና ውስጡ ያለው ሬቲክል (መለኪያ መስመር ያለበት የማነጣጠሪያ መስቀል) አንድ ዓይነት መለኪያ መሆናቸው ነው። ማዞሪያው በኤምኦኤ፣ ሬቲክሉ በሚል የሆነ አሮጌ ስኮፕ በርካሽ ቢያቀርቡልህ እለፈው።

የመጀመሪያ ፎካል ፕሌን የሚባለውን ውሰድ። በዚህኛው ማጉያውን ስትቀይር ሬቲክሉም አብሮ ያድጋል፣ ያንሳል። ስለዚህ በ12ም ሆነ በ20 ላይ አንድ ሚል ያው አንድ ሚል ነው። በሁለተኛው ዓይነት መለኪያው ትክክል የሚሆነው አንድ ማጉያ ላይ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ላይ። አየሩ ሲንቀጠቀጥ ማጉያውን ልቀንስ ስትል የንፋስ ሒሳብህ ይበላሻል። ንፋስ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ንፋስ 1000 ያርድ ላይ ጥይትህን ከአንድ ሜትር በላይ ይገፋዋል። ያንን አብዛኛው ሰው ማዞሪያ ሳይነካ በሬቲክሉ ነው የሚይዘው።

ከግራ በኩል ሦስተኛ ማዞሪያ ይኖራል፣ የፓራላክስ ነው፤ ዓይንህ ሲነቃነቅ መስቀሉ ኢላማው ላይ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ርቀት እንደ ግምት ያዘው። ጠመንጃው ሳይነቃነቅ ጭንቅላትህን በትንሹ ላይ ታች አድርግ። መስቀሉ ኢላማው ላይ ከተንሸራተተ ገና ነው። ቀጥ ብሎ እስኪቆም አዙረው። ከዚያ በፊት ግን የዓይን መመልከቻውን ለራስህ ዓይን አስተካክል፤ ከፀሐይ ራቅ ወዳለ ሰማይ ለአፍታ እያየህ፣ ሬቲክሉ ገና ስታይበት ጥርት እስኪል ድረስ።

ስኮፑ ወደ ላይ ምን ያህል እንደሚሄድም ጠይቅ። በጠቅላላው 20 ሚል የሚጓዝ ከሆነ ከመሃሉ ወደ ላይ የሚቀርህ 10 ገደማ ነው። 8 ሚል ለሚፈልግ ሰው ይበቃል፤ ግን ጠባብ ነው። ባለ 20 ኤምኦኤ ቤዝ (ጠመንጃው ላይ የሚታሰር፣ ወደ ፊት ዘንበል ያለ የስኮፕ መቀመጫ) ስታስር ወደ 6 ሚል ይጨምርልሃል። ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ዜሮ ስቶፕ ያለውንም ምረጥ፤ ወደ ኋላ ስትመልሰው ዜሮ ላይ ራሱ ይቆማል።

አሁን ሰው የሚንቀውን ነገር ልንገርህ፤ ሪንግ፣ ስኮፑን ቤዙ ላይ የሚይዘው ቀለበት። የ900 ዶላር ስኮፕ በ20 ዶላር ሪንግ አስረው የሚያለቅሱ ብዙ ናቸው። ብሎኑን በእጅ ግምት አታጥብቅ። መጠን የሚለካ መፍቻ ግዛና አምራቹ የጻፈውን ተከተል፤ ለሪንጉ ክዳን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ነው። ከዚያ በላይ ካጠበቅከው ቱቦውን ትጎዳለህ። ስኮፑ ላይ የምትታሰር ትንሽ የውሃ ልክም ጨምር። ጠመንጃውን አንድ ዲግሪ ብቻ አዘንብለህ ብትተኩስ 1000 ያርድ ላይ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ትሄዳለህ። አንድ ዲግሪ ደግሞ ያለ ውሃ ልክ በዓይን አይታወቅም፣ በተለይ ተዳፋት ላይ ተኝተህ።

ስለዚህ 1200ውን እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፤ 900 ለስኮፑ፣ 200 ለሪንግና ለቤዝ፣ ቀሪው ለመፍቻና ለውሃ ልክ። በዚህ ዋጋ ዙሪያ ቮርቴክስ ቫይፐር ፒኤስቲ ሁለተኛው ትውልድ 5-25፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ፣ ለአንተ የሚሆን ነው። የመጀመሪያ ፎካል ፕሌን የሆነውን ለይተህ ጠይቅ፤ ዜሮ ስቶፕ አለው፣ ዋስትናው ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ከሰው ብትገዛውም ይሠራል። ወጪ ልቀንስና ጥይት ልግዛበት ካልክ ደግሞ ኤስደብልዩኤፍኤ የሚያወጣው ባለ 10 እጥፍ ቋሚ ስኮፕ አለ። መልኩ ተራ ነው፣ መስታወቱም የቅንጦት አይደለም፤ ክሊኩ ግን በሐቀኝነቱ የታወቀ ነው። እኔ ከማላምነው 8-32 ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ናይትፎርስ አታከርና ሽሚት ኤንድ ቤንደር ከበጀትህ በላይ ናቸው፣ ለጊዜው ተዋቸው።

ኤልክ (ትልቅ አጋዘን) አደንም ካማረህ አንድ ነገር ልብ በል። ቮርቴክሱ ወደ 900 ግራም ይመዝናል፤ ተራራ ላይ ይሰማሃል። ደግሞ ብረት 1000 ያርድ ላይ መታሁ ብሎ እንስሳ ላይ በዚያ ርቀት መተኮስ ነውር ነው። ብረት ቢሳት ምንም አይሆንም። ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ ግን ተሠቃይቶ ይሞታል።

ለልምምድ ቦታ ካጣህ፣ ከዴንቨር በአይ-25 ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድተህ ኒው ሜክሲኮ፣ ሬይተን አጠገብ ዊቲንግተን ሴንተር የሚባል የተኩስ ሜዳ አለ። 1123 ያርድ ላይ ነጭ ጎሽ የሚሉት የብረት ኢላማ አላቸው። ሰው ከየስቴቱ እሱን ለመምታት ይመጣል። ጠዋት ማልደህ ግባ፣ ንፋሱ ሳይነሳ።

የአጎትህን ነገር በተመለከተ፣ እባክህ ሻንጣ ውስጥ አትክተተው። የጠመንጃ ስኮፕ ከአሜሪካ ወደ ውጭ ማውጣት በኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግ ሥር ነው። ያለ ፈቃድ መላክም ሆነ ይዞ መሄድ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ለአጎትህ ሌላ ስጦታ አስብለት። 3-9ኙን አንድ .22 (ትንሽ ጥይት የሚተኩስ) ጠመንጃ ላይ እሰረው። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ አይረግጥም፣ ንፋስ ማንበብም ያስተምርሃል። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ንፋስ 100 ያርድ ላይ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይገፋዋል። በየሳምንቱ በእሱ ብትለማመድ 6.5ቱን ይዘህ ሬይተን ስትሄድ እጅህ የተፍታታ ይሆናል።