ጅረቱን ከታች ወደ ላይ ተከተለው

ወንድሜ፣ «በአጠገቤ የሚያልፈውን ጅረት በእግሬ ተከትዬ ተፋሰሱን፣ ዝናቡ ወደ ጅረቱ የሚወርደውን መሬት ሁሉ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከምንጩ ልነሳ ወይስ ከታች?» ብለህ ነበር የጠየቅከው። እኔ ከታች እላለሁ። ትልቁ ወንዝ ጋ ከሚገባበት ተነስና ሽቅብ ውጣ። ብዙ ሰው ምንጩን ፍለጋ ከላይ ይጀምራል፤ ምንጩ አንድ ብቻ ይመስለዋላ! ከታች ስትመጣ ግን በየመገናኛው ትቆማለህ። አንዱ ገባር ጥርት ያለ፣ ሌላው ድፍርስ ከሆነ ጭቃው ከየት ወገን እንደመጣ ማንም ሳይነግርህ ገባህ ማለት ነው። ደግሞ ውሃው ውስጥ ስትራመድ የምታደፈርሰው ወደ ኋላህ ስለሚሄድ ፊትህ ያለውን ወለል ታየዋለህ።

ከመውጣትህ በፊት ኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር፣ ያለው ካርታ እይ፤ የስልክም ይበቃል። መስመሮቹ ሸለቆ ሲያቋርጡ ይሾላሉ፤ ሹሉ ምንጊዜም ውሃው ወደመጣበት ነው። ሸንተረር ላይ ደግሞ ሹሉ ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል። ሸንተረሮቹን በእርሳስ እያገናኘህ ዙሪያውን ስትዘጋው ተፋሰሱ ወጣልህ። ታዲያ ከዚያ ዙሪያ ጥቂቱን እንኳ በእግርህ ሂድበት። ጅረቱን ብቻ ተከትሎ ተፋሰሱን አወቅኩ ማለት በሩን አይቶ ቤቱን አየሁ እንደማለት ነው። አስበው፣ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህ ውሃ መሬት ውስጥ ይሰርጋል ወይስ ተንደርድሮ ጅረቱ ውስጥ ይገባል የሚለው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው፤ ደን ነው? የታረሰ ተዳፋት ነው? አስፋልትና ጣሪያ ነው?

አሁን እኔ ወደምወደው ልምጣ፣ ድንጋይ መገልበጥ። ውሃው ሳስቶ ፈጠን ብሎ የሚወርድበት ቦታ ጎንበስ በልና የቡጢ ያህል ድንጋይ አንስተህ ሆዱን እይ። ጠፍጠፍ ብለው ድንጋዩ ላይ የሚሽሎከሎኩ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው የነፍሳት ዕጮች ካሉ ደስ ይበልህ፤ አብዛኞቹ ኦክስጅን ሲያንስ አይችሉም። ጭቃው ውስጥ ትል መሳይ ቀያዮች ብቻ ካገኘህ ግን ነገር አለ። የቀሉት እንደኛው ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ውሃም ይኖራሉ። ውሃ ቀድተህ ብትለካ የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው የሚነግርህ፣ እነዚህ ግን እዚያው ከርመው ነው ያደጉት። ድንጋዩን እንደነበረ መልሰው።

ሌላ፣ ዘይት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ነገር ስታይ ቶሎ አትፍረድ። በእንጨት ንካው። እንደ ስስ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ የባክቴሪያ ሥራ ነው፣ ጉዳት የለውም። ተመልሶ ከገጠመ ነዳጅ ወይም ዘይት ሊሆን ይችላል። ቱቦም እንዳያመልጥህ። እኔ ዝናብ ከጠፋ በከረመበት ሰሞን ቁጥቋጦ ሥር አንድ ቱቦ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ውሃ ሲለቅ አግኝቻለሁ። ዝናብ ሳይኖር የሚፈስ ቱቦ ካየህ ፎቶ አንሳና ቦታውን መዝግብ።

ያንኑ መንገድ በደረቁም ከዝናብ በኋላም ሂደው። ዝናብ በሌለበት ወቅት የምታየው ውሃ በአብዛኛው ከመሬት ውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣው ነው፤ የጅረቱ ስንቅ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ታውቃለህ። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ገለባና ላስቲክ ተመልከት፤ ጎርፉ እስከዚያ ደርሶ ነበር።

ስለ አደጋው ባጭሩ። አንተ ፀሐይ ላይ ሆነህ ራስጌው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተቀየረ ያለ ምንም ክርክር ውጣ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ሰው ሊጥል ይችላል፣ እንዳትሸወድ። ሞቃት አገር ከሆንክ ደግሞ ቀንድ አውጣ ያለበት ዝግ ያለ ውሃ ውስጥ አትግባ፤ ቢልሃርዚያ በቆዳ ነው የሚገባው። የሰው መሬት ላይ ስትደርስ ቀድመህ ሰላም በልና ፈቃድ ጠይቅ። ጅረቱ ድሮ በየት በኩል ይሄድ እንደነበር፣ የትኛው ምንጭ መቼ እንደደረቀ እነሱ ናቸው የሚያውቁት፣ ካርታህ ላይ የለም።