መልስ፦ ካሜራ ወደ አንድ ቦታ እንዳይዞር መገደብ ፓተንት ይሆናል ወይ?
ወንድሜ፣ «ካሜራ ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይዞር መገደብ እንዴት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይሆናል? አሜሪካ ውስጥስ ማሰረዝ ይቻላል?» ላልከው፣ ሐሳቡ ብቻውን አይሆንም። አሠራሩ ግን ሊሆን ይችላል።

እስቲ አስበው። ካሜራው 60 ዲግሪ ስፋት እያየ ከሆነ፣ የምስሉ ጠርዝ መስኮቱን እንዳይነካ መሃሉ 30 ዲግሪ ቀደም ብሎ መቆም አለበት። ዙም አድርገህ ስፋቱን ወደ 4 ዲግሪ ስታጠበው ግን 2 ዲግሪ ይበቃል። ስለዚህ ገደቡ ከዙሙ ጋር አብሮ መቀያየር አለበት። እንዲህ ያለው ስሌት ነው የሚያከራክረው።

የፓተንቱን ርዕስ አይተህ አትደንግጥ። መጨረሻ ላይ በቁጥር የተቀመጡትን የይገባኛል አንቀጾች ቃል በቃል አንብብ፤ ወሰኑ እዚያ ነው ያለው።

ማሰረዝ ይቻላል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው «ኢንተር ፓርቴስ ሪቪው» በተባለ ሥርዓት፣ ሲጠየቅ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ራሱ የሰጠውን ፓተንት ቀድሞ በታተሙ ጽሑፎችና ፓተንቶች ተመርኩዞ እንደገና ይመረምራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ኬኤስአር በተባለ ኩባንያ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔም፣ የታወቁ ነገሮችን አገጣጥሞ የሚጠበቅ ውጤት ማምጣት በአብዛኛው ለፓተንት አይበቃም ይላል። እኔ ብሆን ከማመልከቻው ቀን በፊት የወጡ የድሮ ካሜራዎችን መመሪያ ከመፈለግ እጀምራለሁ። ፓተንቱን ጥሰሃል የሚል ክስ ከደረሰህ ደግሞ አትዘናጋ፤ ይህን ምርመራ ለመጠየቅ ያለህ ክሱ ከደረሰህ ጀምሮ 1 ዓመት ብቻ ነው።