የአንቺ 19 እና የእኔ 19

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዕድሜሽ 44፣ የጡት ካንሰሩ ኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው (በሴት ሆርሞን የሚያድግ)፣ ኸር-ቱ የተባለው ፕሮቲን ያልበዛበት፣ ብብትሽ ንጹሕ (ካንሰሩ ወደ ብብት እጢዎች ያልደረሰ)፣ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን የሚገምተው የኦንኮታይፕ ምርመራ ነጥብሽ 19። «ጓደኛዬ በ19 ኬሞ (ኬሞቴራፒ) አልወሰደችም፤ እኔን ሐኪሞቹ ለምን ኬሞ አስቢበት ይሉኛል?» ብለሻል።

የእኔም ነጥብ 19 ነበር። ኬሞም አልወሰድኩም። ግን እኔ ስታመም 57 ዓመቴ ነው፤ የወር አበባዬ ከቆመ ቆይቷል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የኦንኮታይፕ ምርመራው በቀዶ ሕክምና ከወጣው ዕጢ ላይ 21 ጂኖች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ ይለካል፤ 16ቱ የካንሰሩን ጠባይ ያሳያሉ፣ 5ቱ ማመሳከሪያ ናቸው። ከቤተሰብ የሚወረሰውን ከሚፈልገው የብራካ ምርመራ ጋር አታምታቺው። አዲስ አበባ ያሉት እህቶቼ ውጤቴን ሲሰሙ እነሱም የተያዙ መስሏቸው ስንት ቀን አለቀሱ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣው ቴይለር-አርኤክስ የተባለው ጥናት ከ10,000 በላይ ብብታቸው ንጹሕ የሆነ ሴቶችን ይዞ ነበር። ነጥባቸው ከ11 እስከ 25 የሆነው በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ የሆርሞን ሕክምና ብቻ፣ ግማሾቹ ኬሞም ተጨምሮላቸው ወሰዱ። በጥቅሉ ኬሞው የጨመረው ነገር አልነበረም። ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ግን ነጥቡ ከ16 እስከ 20 ሲሆን፣ በ9 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የሚዛመትባቸውን ከመቶ በ1.6 ገደማ ቀነሰ፤ ከ21 እስከ 25 ሲሆን ደግሞ በ6.5 ገደማ። አንቺ ያለሽው የመጀመሪያው ላይ ነው። ብዙ ሐኪሞች ይህ ጥቅም በከፊል ኬሞው የእንቁላል ማምረቻን ሥራ ስለሚያቆም የመጣ ነው ይላሉ። ስለዚህ «በኬሞ ፈንታ የእንቁላል ማምረቻን (ኦቫሪን) የሚያሳርፈው መርፌ ከሆርሞን ኪኒን ጋር ቢሆንስ?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ።

በዚያው ጥናት የጥቁር ሴቶች ነጥብ ከነጮቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ካንሰሩ በብዛት የተመለሰባቸው እነሱ ናቸው። ይህንንም አንሺባቸው፣ አትፈሪ።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ግን ስለ ኪኒኑ ነው። የኦንኮታይፕ ውጤት ወረቀቱ ላይ ያለው ካንሰሩ የመመለስ ዕድል የሆርሞን ኪኒኑን 5 ዓመት ለምትወስድ ሴት የተሰላ ነው። እኔ ሌትሮዞል የተባለው የሆርሞን ኪኒን መገጣጠሚያዬን ጠዝጥዞኝ፣ ጠዋት ጣቶቼ ለቡና ስኒ እንኳ አልታጠፍ ሲሉ፣ ለማንም ሳልናገር ሦስት ወር አቆምኩት። ነጥቤ ዝቅ ያለ ስለሆነ ምን ይመጣል ብዬ ነበር። ለሐኪሜ ስነግራት ወረቀቱን አውጥታ ያንን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፤ መድኃኒቱንም ቀየረችልኝ። ሲያምሽ ተናገሪ እንጂ አታቁሚ።

ሐሙስ ቀጠሮሽ ላይ የውጤቱን ወረቀት ሙሉ ገጹን ይዘሽ ሂጂ። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ከፈለግሽ አብሬሽ ገብቼ አስተረጉምልሻለሁ።