ሲቲ ስካን ክፍል ለተመደብሽው እህቴ፣ ከጅማ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት በራጅ ክፍል ሠርተሽ አሁን ወደ ሲቲ ስካን (በራጅ ጨረር ሰውነትን ዙሪያውን እያነሳ ውስጡን በንብርብር የሚያሳየው መሣሪያ) ተመድበሻል። ባለቤትሽ ጨረሩ መውለድ ይከለክለናል ብሎ ሰግቷል፤ የሥራ ባልደረቦችሽ ደግሞ «እዚያ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፣ ሙያሽን ትረሺዋለሽ» ብለውሻል። ምደባውን ልቀበል ወይስ ልቅር ነው የምትይው። እኔ እዚሁ ጅማ ውስጥ በሲቲ ስካን ክፍል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በዚሁ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ስለዚህ ከባለቤትሽ ስጋት ልጀምር።

ጨረሩ የሚኖረው ማሽኑ ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ ቱቦ በሚሠራባቸው ሰከንዶች ብቻ ነው። ምርመራው ሲያበቃ በአየሩም፣ በአልጋውም፣ በታካሚው ገላም የሚቀር የለም። በእነዚያ ሰከንዶች አንቺ ያለሽው በእርሳስ ከተለበጠው ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ታካሚውንም የምታዪው በእርሳስ መስታወት በኩል ነው። ለእኛ ዓይነት ሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ሲሆን በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም። የእኔ ባጅ (የደረሰኝን ጨረር የሚመዘግበው፣ ደረት ላይ የሚደረገው መለኪያ) በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ወደዚያ ቁጥር ተጠግቶ አያውቅም። ባጅሽን ግን በየቀኑ ደረትሽ ላይ አድርጊው። ጋውን ኪስ ውስጥ ረስተው ቤታቸው የሚወስዱት ባልደረቦች አሉኝ፤ እንዲህ ያለው ባጅ ስለ እነሱ ምንም አይናገርም።

ስትጸንሺ ወዲያውኑ በጽሑፍ አሳውቂ። እኔ በመጀመሪያው ልጄ አፍሬ ሁለት ወር ያህል ደብቄአለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ስህተት ነው። ካሳወቅሽበት ቀን ጀምሮ እስክትወልጂ ድረስ ለጽንሱ የሚፈቀደው 1 ሚሊሲቨርት ብቻ ስለሆነ፣ ኃላፊሽ ይህን አውቆ ሥራሽን ማስተካከል አለበት። ተጨማሪ ባጅ ጠይቂና ከእርሳስ ሽርጡ ሥር በሆድሽ በኩል አድርጊው። ጨረር በሚለቀቅበት ጊዜ ታካሚ ለመያዝ ደግሞ በፍጹም እንዳትገቢ። ፈተናው የሚመጣው ሕፃን ሲያለቅስ ነው፤ «እኔው ልያዘውና ቶሎ እንጨርስ» ያሰኛል። ቤተሰቡ ሽርጥ ለብሶ ይያዝ፤ እናትየው እርጉዝ ከሆነች አባት ወይም አጎት ይግባ። አንድ ወላጅ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዛል፤ አንቺ ግን ዛሬ ከያዝሽ ነገም ትይዣለሽ። ለባለቤትሽ ይህን አስረጅው፤ ከቻልሽም አንድ ቀን አምጥተሽ መስታወቱንና ግድግዳውን አሳዪው። የእኔን ባል ያሳመነው ያ ነበር።

አሁን «ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ወደሚሉት ልምጣ፤ ይህን ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል። ቁልፉን መጫን በእርግጥ የአንድ ጣት ሥራ ነው። ከቁልፉ በፊት ያሉት አምስትና አሥር ደቂቃዎች ግን ሙያው ራሱ ናቸው።

እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው የጅማ ከተማ ነዋሪ ብቻ አይደለም። ከአጋሮ፣ ከበደሌ፣ ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ አንዳንዴም ከጋምቤላ ይመጣል። ሌሊቱን በመኪና ተጉዞ፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ ያንን ክብ መሣሪያ ሲያይ ነፍሱ የምትጨነቅ ሰው ነው። ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ አባት በቃሬዛ ሲያመጡልሽ፣ አከርካሪው ተጎድቶ እንደሆነ ገና አታውቂም። አራት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ፣ እንደ ግንድ እኩል አንከባላችሁ ወደ አልጋው ታዛውሩታላችሁ። አስታማሚዎቹ ብብቱን ይዘው ሊያነሱት ይቸኩላሉ። በዚያች ቅጽበት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ማንም እንዳይነካው!» ማለት መቻል አለብሽ፤ ዕድሜያቸው የአባትሽ ያህል ቢሆንም።

ከዚያ ቋንቋ አለ። የደረትና የሆድ ምርመራ ታካሚው ትንፋሹን ካልያዘ ምስሉ ይደበዝዛል። ማሽኑ ከፋብሪካ የመጣበት የተቀዳ ድምፅ በእንግሊዝኛ «ትንፋሽህን ያዝ» ሲል፣ ከሊሙ ገጠር የመጡ እናት ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማየት ቀና ይላሉ። በእኛ ማሽን ላይ የራስን ድምፅ መቅዳት እንደሚቻል ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ሀፉረ ቀበዻ»፣ በአማርኛ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ብዬ ቀዳሁት። ከመጀመራችን በፊትም አልጋው አጠገብ ቆሜ ሁለት ጊዜ አብሬያቸው እለማመዳለሁ። የሚደገሙ ምርመራዎች ወዲያው ቀነሱ። መድገም ማለት ደግሞ ለታካሚው እንደገና ጨረር ማለት ነው። የጭንቅላት ሲቲ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ የሆዱ እስከ 10 ሊደርስ ይችላል፤ አንድ የደረት ራጅ 0.1 እንኳ አይሞላም። በዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ጨረር ልትጨነቂለት የሚገባው ሰው አልጋው ላይ ያለው ነው፤ በተለይም ሕፃኑ። ለልጅ የልጅ ፕሮቶኮል (የማሽኑን የጨረር መጠን ቅንብር) ምረጪ፤ በአዋቂ መጠን አንስተሽ ምስሉ አማረ ብለሽ እንዳትደሰቺ።

አንድ ያስደነገጠኝን ነገር ልንገርሽ። በሌላ ቦታ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በሩን ከፍቼ ስም ጠራሁ። አንዲት ሴት ተነሥታ ገባች። «እርስዎ እከሊት ነዎት?» ስላት አዎ አለች። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) ገብቶ ኮንትራስቱ (ምስሉን የሚያጎላው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ሊሰጥ ሲል፣ የሐኪሙ ማዘዣ ላይ የሆድ ምርመራ ተብሎ እሷ ግን ጭንቅላቷን ይዛ ስትቃትት አየኋት። ካርዷን ዳግመኛ ሳይ የራሷም የአባቷም ስም ከሌላዋ ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው የአያት ስም ነበር። ሌላዋ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠይቀው አክብሮ አዎ የሚል ሕዝብ ነው ያለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስም ጠርቼ አላውቅም፤ «ስምዎ ማን ነው? አያትዎስ? ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብዬ እነሱ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ፤ የካርድ ቁጥሩንም አመሳክራለሁ።

ኮንትራስቱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ሳታዪ አትስጪ፤ አስቸኳይ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። ስኳር ካለበት ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ይወስድ እንደሆነ ጠይቂ። በእኛ አካባቢ ደግሞ አንገት ማየት አትርሺ። እንቅርት ብዙ ነው፤ ኮንትራስቱ አዮዲን ስለሆነ ታይሮይዱ ከልክ በላይ የሚሠራን ሰው ሊያባብሰው ይችላል። መርፌው በክርን እጥፋት ላይ፣ አረንጓዴው ወይም ሮዙ ካኑላ ይሁን፤ በሰከንድ 3 ወይም 4 ሚሊሊትር የሚገፋ ኢንጀክተር ቀጭኗን ሰማያዊ አይምርም። ከመስጠትሽ በፊት በጨው ውኃ ሞክሪው። እጁ ካበጠ አቁሚ።

ለታካሚው አስቀድመሽ የምትነግሪውም አለ። ሙቀት በመላ ሰውነቱ ይሰማዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል፣ የሸና ይመስለዋል። ይህን ያልነገርኳቸው አንዲት ትልቅ እናት አልጋውን ያረጠቡ መስሏቸው በኀፍረት አልቅሰዋል፤ ደረቅ መሆኑን በእጃቸው ዳስሰው እስኪያረጋግጡ አልተጽናኑም። ዛሬም ትዝ ሲሉኝ ያመኛል። ምርመራው ካለቀ በኋላ ኮንትራስቱ አለርጂ ቢያስነሣበት እንድትደርሺለት ሰውየውን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ካኑላውን ሳትነቅዪ አስቀምጪው። አድሬናሊን የት መሳቢያ እንዳለ በጨለማም ማግኘት አለብሽ፤ መብራት ይጠፋልና።

ክታብና መስቀልም አንድ ቃል ይገባቸዋል። ብረት ያለበት ነገር ምስሉ ላይ የፀሐይ ጨረር የሚመስል መስመር ያወጣል፤ ነገር ግን ለጭንቅላት ምርመራ የደረትን መስቀል ማስወለቅ ለምን? ለአንገት ወይም ለደረት ከሆነም አንቺ አትንኪው፤ ራሱ አውልቆ ለዘመዱ ይስጥ።

ሙያሽን ትረሻለሽ ለሚሉሽ፣ መሣሪያው የሚሰጠውን ቁጥር ማንበብም ሙያ ነው በያቸው። ይህን መሣሪያ የሠራው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሐኪም አልነበረም፤ የእንግሊዝ መሐንዲስ ነበር። የመጀመሪያዋ ታካሚ ለንደን ውስጥ የተነሣችው በ1971 እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት 1 ቀን ነው። ዛሬ በስሙ የምንለካው ቁጥር (ምስሉ ላይ ያለው ነገር ምን ያህል ጥቅጥቅ እንደሆነ የሚነግረን) ውኃን 0፣ አየርን ከዜሮ በታች 1000 ያደርጋል፤ ትኩስ ደም ከ50 እስከ 80 ይሆናል። አንድ ሌሊት ባጃጅ የተገለበጠበት ወጣት በእግሩ እየሄደ፣ እየተጫወተ ገባ። ጓደኞቹ ምንም አልሆነም ይላሉ። ምስሉ ሲወጣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል እንደ ምስር ፍሬ ያበጠ ነጭ አየሁ፤ ስለካው ከ60 በላይ። ሪፖርት መጻፍ የራዲዮሎጂስቱ ሥራ ነው፤ ስልክ መደወል ግን የእኔ ነበር። ከአልጋው ሳይወርድ ለተረኛው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደወልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ መናገር አቁሞ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ደርሷል። ከሳምንታት በኋላ እናቱ ቡና ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በላስቲክ ቋጥረው አመጡልኝ። ይህ የሆነው እነዚያ ሰዎች ቁልፍ መጫን በሚሉት ሥራ ነው።

የሚከብደውን አልደብቅሽም። ማሽኑ ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ አዲስ አበባ ሂድ ብለሽ ገንዘብ ለሌለው ሰው የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ለዚያ የሚያዘጋጅ ትምህርት አልተሰጠኝም፤ ዛሬም አልለመድኩትም።

ምደባውን ተቀበዪ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በስምሽ የተመዘገበ ባጅ፣ የአለርጂ መድኃኒቶቹ ያሉበት ሳጥንና የሚያበቁበት ቀን፣ ከዚያም ቢያንስ አንድ ወር አጠገብሽ የሚቆም ልምድ ያለው ሰው። ሦስተኛውን ከከለከሉሽ ብቻሽን ሌሊት ተረኛ መሆንን እምቢ በዪ። ክፍሉ ለማሽኑ ሲባል ሌት ተቀን ይቀዘቅዛል፤ ሁለት ጋቢ ይዘሽ ነዪ፤ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ከክረምት ዝናብ በስብሶ ለሚገባው ታካሚ።